የካሽካ መታወቂያ

በቶክሞክ ከተማ ደንቡ የታወቀ ነው። የከተማው የእግር ኳስ ቡድን በሜዳው በሚጫወትበት ቀን ጠዋት ዱዓ ይደረጋል፣ አንድ በግ ይታረዳል፣ ተጫዋቾቹም ሥጋውን በልተው ይወጣሉ።

ለእስያ ክለቦች ዋንጫ ባለፉበት ዓመት፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ጠዋት የተገዛው በግ ግን ገመዱን በጥሶ አመለጠ። ቡላ ነው፣ ግንባሩ ቦቃ። ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከየት መጣ ሳይባል ሜዳ ገባ። ከዱሻንቤ የመጣው በረኛ እሱን ሲያይ ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች። አንድ ለዜሮ።

የቡድን መሪው ኤሰንቤክ ሁሉንም ሰበሰበ። ዋንጫው ካልመጣ ቡድኑ እንደሚፈርስ የክለቡ ፕሬዝዳንት ነግረውታል፤ ያን ጊዜ እሱም ወደ ድሮ ሥራው፣ አውቶቡስ ተራ ቲኬት ወደ መቁረጥ መመለሱ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ በግ አይታረድም» አለ። «ይሄ በግ ዕድላችን ነው። እሱን የነካ እኔን ነካ።»

ለተጫዋቾቹ የሚቀቀለውን ሥጋ ከከብት ገበያ የሚገዙትም የሚያበስሉትም ቡሩል አፓ ነበሩ፤ ትልቅ ትንሹ «አፓ»፣ እናቴ፣ የሚላቸው ሴት።

«ልጄ፣ ለአላህ የተባለ ነገር አይቀርም» አሉት በቀስታ።

«አፓ፣ ዘመኑ ተለውጧል እኮ።»

«እሺ ልጄ» ብለው ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

በጉ ካሽካ ተባለ፤ ከመቀመጫዎቹ ሥር ጋጣ ተሠራለት። ተጫዋቾቹ ግንባሩን ሳይነኩ ሜዳ አንገባም አሉ። የውድድሩ ታዛቢ ደግሞ መታወቂያ የሌለው ወደ ሜዳ በሚያስገባው መተላለፊያ አያልፍም አለ። ስለዚህ ለካሽካ ባለ ፎቶ መታወቂያ ወጣለት። ስም፦ ካሽካ። የሥራ ድርሻ፦ ረዳት።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሌላ ቀን ከሰው እጅ ዳቦ የሚበላው በግ፣ ጨዋታ ባለ ቀን ሰው ሲጠጋው ይሸሻል።

«እሱም እንደኛ ይጨነቃል» አለ አምበሉ ዳስታን።

«ካንተ ይሻላል፤ አንተ ስትጨነቅ ታስመልሳለህ» አለው የራሳቸው በረኛ።

ከዚያ ምሳ ይቀርባል፣ ቅቅልና ትኩስ መረቅ። «ብሉ ልጆቼ፣ የአላህ ነው» ይላሉ ቡሩል አፓ፤ ድስቱ ታጥቦ እስኪቀመጥ የሚተርፍ የለም።

ከአሽጋባት ቡድን ጋር በሚጫወቱበት ቀን፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ኤሰንቤክ ዘበኛውን ቶክቶሱንን ጋጣው በር ላይ ቢላ ይዞ አገኘው።

«ምን ትሠራለህ?»

«ቢላ እስላለሁ።»

«ለምን?»

«ደንዞ ነዋ፣ አለቃ።»

ኤሰንቤክ ደሙ ፈላ። የአሽጋባት ሰዎች ዘበኛውን በገንዘብ ገዝተውታል፣ አለ በልቡ። ሰውየው በዚያ ላይ ሥጋ ወዳድ ነው፤ የካሽካን ላት ሲያይ ምራቁን ሲውጥ ስንት ቀን አይቶታል። በዚያው ዕለት ጋጣው ላይ ቁልፍ አስገባ። ቁልፉንም በከተማው ውስጥ ከልቡ ለሚያምናቸው ሰው ሰጠ፤ ለቡሩል አፓ።

የአሽጋባቱን አሸነፉ። ሦስተኛውንም አሸነፉ። ግማሽ ፍጻሜው ረቡዕ ዋለ፤ ታዛቢው በመተላለፊያው ቆሞ ፎቶውንና በጉን እያፈራረቀ አየ።

«ፎቶው ላይ የተቀደደው ቀኝ ጆሮው ነው» አለ። «የዚህ ግራው ነው።»

«ፎቶ ያገላብጣል» አለው ኤሰንቤክ። «ደግሞስ ማን ነው የበግ መታወቂያ ሰርቆ የሚገባ?»

ታዛቢው አሰበና አሳለፈው። ያንንም አሸነፉ።

ፍጻሜው ከአራት ቀን በኋላ፣ በከብት ገበያው ዕለት እሑድ ሆነ። ኤሰንቤክ በጠዋት ሲመጣ ጋጣው ባዶ ነው። ቁልፉ አልተሰበረም፤ መታወቂያው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቶክቶሱን ከቧንቧው ሥር እጁን ይታጠባል።

«የት አደረስከው?» አለ አንገቱን አንቆ።

«አፓ አሁን ይመጣሉ፣ አለቃ። ትንሽ ታገስ።»

«መጥተው ምን ሊያደርጉልኝ? ቀቅለው ሊያበሉኝ?»

ቶክቶሱን ወደ ማብሰያ ቤቱ ሰረቅ አድርጎ አየ።

ጨዋታው ሊጀመር አምስት ሰዓት ቀርቶታል። ካሽካ ከሌለ ልጆቹ አይወጡም፤ ካልወጡ ቡድንም የለም። ኤሰንቤክ መታወቂያውን ኪሱ ከትቶ ወደ ከብት ገበያው ሮጠ። ቦቃ ይሁን እንጂ ማን ይለየዋል? ይህን ኃጢአት አላህ ይቅር ይለኛል፣ ለአፓ ብቻ እነግራቸዋለሁ፣ እያለ የበጉን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር አካለለ። ቡላ አለ፣ ጥቁር አለ፤ ቦቃ የለም። መጨረሻ ላይ ነጭ የሱፍ ቆብ ያጠለቁ ሽማግሌ ነጋዴ አገኘና ፎቶውን ዘረጋላቸው።

«አባት፣ ይሄን የሚመስል አለዎት?»

ሽማግሌው ፎቶውን አዩ፣ ወዲያው ፈገግ አሉ።

«አልቋል ልጄ፤ እንደ ቀድሞዎቹ ሦስት ሁሉ የዘንድሮውን አራተኛ ቦቃም የስታዲየሙ ቡሩል አፓ አሁን ይዘውት ሄዱ።»