የሰባት ቁጥር ጠያቂ

ተቆጣጣሪው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የአረጋውያን ቤቱ ዘበኛ በሩን ከፈተና «ጌታዬ፣ መጀመሪያ እዚህ ላይ ልመዝግብዎት» ብሎ ትልቁን መዝገብ ዘረጋ። ኃላፊዋ ከኋላ ቆማ በዓይኗ ገላመጠችው። ዘበኛው ግን ደንብ ደንብ ነው ባይ ነው፤ ንጉሥም ቢመጣ ሳይመዘገብ አያልፍም።

ተቆጣጣሪው ፈገግ እንኳ አላለም። የተጧሪዎቹን ስም ዝርዝር ተቀብሎ ከላይ ወደ ታች አነበበ። መሃል ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ሰባት ቁጥርን መጨረሻ ላይ አያለሁ» አለና ሥራውን ጀመረ።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ብርድ ልብሱን ያሸታል፤ ፍራሹን ገልብጦ ያያል፤ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የተኙትን ሰዎች ተረከዝና ወገብ ቆስሎ እንደሆነ ይመረምራል። የመጥሪያውን ደወል ተጭኖ ነርሷ እስክትደርስ ሰዓቱን ይመለከታል። ደግሞ እያንዳንዱን ሰው በራሱ አፍ ነው የሚጠይቀው።

«አባባ፣ የሚቆጣዎት ሰው አለ?»

«እኔን የሚቆጣኝ ጉልበቴ ብቻ ነው» አሉት አንዱ ሽማግሌ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሱ ጻፈው።

ዘበኛው ቁልፍ ይዞ ይከተለዋል። በሆዱ «አምላኬ፣ የዛሬን ብቻ አሳልፈኝ» ይላል። የሚፈራው ነገር ነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ዓይናቸው የጠፋ እማማ አሉ። እዚህ ቤት ያመጣቻቸው ጎረቤታቸው ናት። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ከቤት ከወጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል፣ ደብዛው የለም። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አንድ እሁድ፣ ዘበኛው የተሰበረ መስኮት ሊጠግን ሲገባ እጁን ለቀም አደረጉት።

«መጣህ ልጄ?»

እጁን መንጠቅ አቃተው።

«መጣሁ እማዬ» አለ።

ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እየገባ ጥፍራቸውን ይቆርጣል፣ እግራቸውን ያሻል፣ ወሬያቸውን ይሰማል። አንድ ቀን «ድምፅህ እኮ ወፍሯል» ቢሉት «ብርድ መትቶኝ ነው» አለ። እማማ ከት ብለው ሳቁ። «ወይ ብርድ! ሦስት ዓመት የማይለቅ!»

እስከዚህ ድረስ ጽድቅ ነው እንበል። ጥፋቱን ያመጣው ያው ደንቡ ነው። ጠያቂ ሳይመዘገብ አይገባም። እሱም እሁድ እሁድ የሚገባው እንደ ጠያቂ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይመዘግባል፦ አልጋ፣ ሰባት። ዝምድና፣ ልጅ። ይፈርማል፣ ይገባል። የዋህ ሰው፣ ከመዋሸት ይልቅ አለመመዝገብ አስፈራው።

ከሰዓት በኋላ ሰባት ቁጥር ደረሱ። ተቆጣጣሪው ከበሩ ደፍ ላይ ቆመ። ብርድ ልብሱንም አላሸተተ፣ ፍራሹንም አልነካ። ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ለነርሷ ሰጣት፤ እሷ አነበበች።

«እማማ፣ ቤተሰብ ይጠይቅዎታል?»

«ልጄ አለልኝ። ሰማይ ቢደፋ እሁድን አይቀርም።»

ተቆጣጣሪው ፊቱን አዙሮ ወጣ። ዘበኛው «ለድሃ እናት አንድ ቃል መናገር እንኳ ተጠየፈ» ብሎ አዘነበት።

ቢሮ እንደገቡ መዝገቡን አስመጣ። መቶ ሃምሳ ያህል እሁድ አንድ በአንድ ገለጠ።

«ይሄ ልጅ ማነው?»

«ልጃቸው ነዋ፣ ጌታዬ።»

«መልኩስ?»

«እ... ጠይም ነው። ብዙም ረጅም አይደለም። ፊቱ ላይ ትንሽ ድካም አለው።»

ኃላፊዋ ቀና ብላ ዘበኛውን አየችው። ጠይም ነው፤ ብዙም ረጅም አይደለም።

ተቆጣጣሪው ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «ውሸት ነው! ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ እዚህ በር ደርሶ አያውቅም!»

ዘበኛው ከመስኮቱ ጀምሮ ሁሉንም ተናዘዘ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ኃላፊዋ። «ሐሰተኛ መዝገብ ተብሎ ቤቱ ቢዘጋ፣ ይህ ሁሉ ሽማግሌ የት ሊወድቅ ነው?»

«ቅጣቱ በእኔ ይሁን፣ እመቤቴ።»

ተቆጣጣሪው ግን ሌላ ነገር ጠየቀ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ምን ምን ያወሩልሃል?»

«ልጅነቱን። ከጣራ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ዕለት በጀርባቸው አዝለውት እንዴት እንደሮጡ። እኔ አዎ አዎ እላለሁ። ስወጣ ይመርቁኛል። ምርቃቱን ግን አልሰረቅሁም፣ ጌታዬ። በር ላይ ስደርስ ‹አምላኬ፣ ለባለቤቱ አድርስልኝ› እላለሁ።»

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ዘበኛው ላብ መሰለው።

«አሁኑኑ ግባና እውነቱን ንገራቸው» አለች ኃላፊዋ። «ያኔ ምናልባት ይምሩን ይሆናል።»

ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አባሩኝ። እሱን ግን አልችልም። ያን ቀን ይሞቱብኛል። ሕጉ ይነገራቸው የሚል ከሆነ፣ ሕጉን የያዘ ሰው ይንገራቸው። ጌታዬ፣ እርስዎ ይግቡና ‹ልጅዎ አልመጣም› ይበሏቸው።»

ተቆጣጣሪው መዝገቡን ዘጋ።

«አፌን ከከፈትኩ ድምፄን ትለየዋለች» አለ። «እናቴ ናት።»