የአንደኛ ፎቅ ስንጥቆች

ኢንጂነሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድ ነገር የሚጠይቀው ሰው ጠፍቶ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ድልድይና ፎቅ ሲያሠራ የኖረ ሰው፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ትንሽዬ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የጣራውን ምስማር ሲቆጥር ይውላል። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጡረተኛ አስተማሪ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» የሚላት፣ አንድ ጠዋት በሩን አንኳኩታ «ግድግዳዬ ተሰነጠቀብኝ» ስትለው ሊስማት ትንሽ ቀረው።

ተከትሏት ሄዶ ሲያየው ስንጥቁ ፀጉር የሚያህል ነበር።

«ምንም አይደለም። ልስኑ ሲደርቅ የሚመጣ ነው» አላት።

«ታዲያ አደገኛው ምን ዓይነቱ ነው?»

ይኼን ከተጠየቀ ስንት ዘመኑ! ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አስረዳት። መሠረት የሰመጠ እንደሆነ ስንጥቁ ከመስኮት ጥግ ይነሳና እንደ ደረጃ እየተሰበረ ወደ ታች ይወርዳል አላት። ቲቸር አገጯን በእጇ ደግፋ አዳመጠች። እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው በሥራ ዘመኑም አልገጠመውም።

ሳምንት ሳይሞላ ተመልሳ መጣች። ከመስኮቱ ጥግ የተነሳ ስንጥቅ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ወደ ታች ወርዷል።

ኢንጂነሩ ደነገጠ። ደስም አለው። ደስ ስላለውም አፈረ። ቱምቢውን በገመድ አንጠልጥሎ የግድግዳውን ቀጥ ማለት ለካ፤ ግድግዳው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስንጥቁ ከሰፋ አብሮ እንዲሰበር ብሎ ጀሶ ለጠፈበት። ጀሶው አልተሰበረም፤ ግን ሌላ ስንጥቅ ሌላ ቦታ ብቅ አለ። በተወለወለው ወለል ላይ በካልሲ እየተራመደ ዙሪያውን ፈተሸ፣ ምንም አልገባውም።

ምድር ቤት ወዳለው ልብስ ሰፊ ወረደ። የልብስ ሰፊው ግድግዳ ላይ አንዲት ጭረት የለችም።

«መሠረት ሰምጦ፣ ታች ቤቱን ትቶ ላይ ቤቱን የሚሰነጥቅ?» ብሎ ራሱን አከከ። ወዲያው በራለት። ጥፋቱ ከታች ካልመጣ ከላይ ነዋ! ከቲቸር በላይ የሚኖረው ጉልቤ የሚሉት ጎረምሳ ነው፤ ክንዱ ፎቅ የሚሸከም ኮለን የሚያክል ብረት አንሺ።

«ብረቱን ሲጥል ይሰማዎታል?» አላት።

ቲቸር ትንሽ አሰበች። «ጠዋት ጠዋት ድም ድም የሚል ነገርስ አለ።»

«ያዝኩት! አሁኑኑ ወጥቼ...»

«ኧረ በሞቴ! ጎረቤቴ ነው፣ አይጋጩብኝ። ይልቅ ሻይዎ ይቀዘቅዛል» አለችና ብርጭቆውን አስጠጋችለት። አውራ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ነካዎት?»

«ሽንኩርት ስከትፍ።»

ግድግዳዋ እየፈረሰ ለአፍራሹ የምታዝን ሴት! ደግነቷ አንጀቱን በላው።

ከዚያ ወዲያማ ጥያቄው ጎረፈ። ኮለን ሲደክም በምን ይታወቃል? አግዳሚው ቢም ሲጎብጥ ስንጥቁ መሀል ላይ ነው ጫፍ ላይ? ጣራ የሆነው ሶሌታ ከላይ ጭነት ሲበዛበት የቱ ጋ ይጀምረዋል? ኢንጂነሩ ሁሉንም በወረቀት እየሣለ መለሰ። ሸሚዝ መተኮስ ጀመረ፤ ሽቶም ገዛ። ልብስ ሰፊው ሲያልፍ ባየው ቁጥር «ዛሬም ስንጥቅ ሊጠግኑ ነው ወይስ ሊጠገኑ?» እያለ ያሾፍበታል። የቲቸር ቤት ግን ከቀን ወደ ቀን ባሰበት። ያስጠነቀቃት ክፉ ምልክት ሁሉ አንድ በአንድ ሲደርስ «ነቢይ ሆንኩ እንዴ?» እስኪል ድረስ በራሱ ተገረመ።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነበር። እውነቱን ቢነግራት ቤቱን ለቅቃ ሩቅ ወዳለች ልጇ ትሄድበታለች። ዝም ቢል ደግሞ ሶሌታው አንድ ቀን ይወርድባታል። ያለ እሷ መኖር እንደማይችል አሁን በደንብ ያውቃል። እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለው። በመጨረሻ «ብትሄድም በሕይወት ትሂድልኝ» ብሎ ቆረጠ፤ ከረባቱን አሰረና መንገዱን ተሻገረ።

«ቲቸር፣ ይኼ ቤት ከእንግዲህ አያኖርዎትም። ዛሬውኑ ይልቀቁ» አላት።

«ወዴት ልሂድ? የልጄ ቤት እንደሆነ ጠባብ ነው።»

«የእኔ ቤት አለ!» አፉ ቀደመው። «መሠረቱ አለት ላይ ነው፤ ራሴ ነኝ ያስቆፈርኩት። ማለቴ... እንግዳ ሆነው ሳይሆን... ባለቤት... ማለቴ፣ ፈቃድዎ ከሆነ...» ዕድሜ ልኩን ሲሚንቶ ሲያስቦካ የኖረ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ማቡካት አቃተው።

ቲቸር ወለሉን አየች፤ ጣራውን አየች።

«እንግዲህ ባለሙያው እርስዎ ነዎት፣ ምን አደርጋለሁ» አለች።

ሻንጣዋ ተሸክፎ ለመውጣት ሻይ የመጠጣት ያህል እንኳ ጊዜ አልፈጀም። እሷ ቀድማ መንገዱን ስትሻገር፣ ኢንጂነሩ ሻንጣውን ይዞ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ እየዘለለ ከቤቷ ወጣ። ደረጃው ላይ ጉልቤን አገኘው፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ ዓይኑን እያሸ ይወርዳል። ኢንጂነሩ ሊቆጣው ፈለገ፣ ፊቱ ግን ከሳቅ አልመለስ አለው።

«አንተ ጎረምሳ፣ በዚያ ብረትህ የሰው ቤት አፈረስክ! ለእኔስ እግዜር ይስጥህ።»

«የቱን ብረት ጋሼ? ከሸጥኩት እኮ ዓመት አለፈው፤ እንዲያውም እኔ ቲቸር ጠዋት ጠዋት ግድግዳቸውን በመሮ መፈልፈሉን እንዲተዉልኝ ልለምናቸው እየወረድኩ ነው።»