የሊቀመንበሩ ፀጉር

ስድስተኛው ራስ ተላጭቶ አለቀ። ፀጉር አስተካካይዋ ምዮንግጃ ቶንዶሷን አጥፍታ ጨርቁን አራገፈችና "ቀጣይ!" ብላ ጮኸች፤ ማን እንደቀረ ትዝ ሲላት ግን አፏን በእጇ ያዘች።

የቀረው የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ኦክ ጄፒል ነበር።

የሀንሶ ወረዳ ምክር ቤት ሰባቱም አባላት በአደባባይ ተላጭተው ተቃውሟቸውን ያሳዩ ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ራሱ ነው። የወረዳው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ያገለገለ ነዳጁን የሚከትበት ገንዳ ጢም ብሎ ሞላበትና እዚያው ባሕሩ ዳር ሌላ ማከማቻ ልገንባ አለ፤ "ለጊዜው ነው" እያለ። ከአርባ ዓመት በፊትም ያለው ይህንኑ ነበር። ጄፒል ደሙ ፈላና ጠረጴዛውን ደብድቦ "እንላጫ!" አለ። በገዛ አፉ ምን ጉድ እንዳመጣ የገባው ጭብጨባው ሳያባራ ነው።

የጄፒል ፀጉር የጄፒል አይደለማ! አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ዊግ ነው። ይህን የሚያውቁት ሚስቱና ዳር ዳሩን የምታስተካክልለት ምዮንግጃ ብቻ ናቸው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። ባሕር ዳር ተወልዶ አይዋኝም። የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሲያምረው ሰው የማያውቀው ከተማ ድረስ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል።

አሁን ወንበሩን እንዳላየ አልፎ ማይክራፎኑን ጨበጠና ወረቀቱን ዘረጋ።

"የተከበራችሁ የወረዳችን ነዋሪዎች፣ የአቋም መግለጫውን..."

"አንተ ጄፒል! ወንበሩን ዘለልከው እኮ!"

ከፊት ረድፍ፣ መሬት ላይ ካርቶን አንጥፈው ተቀምጠው የጮኹት እማማ ቱክሱን ናቸው። ዛሬ የማመንጫው አጥር ካለበት ሥር ባሕር እየጠለቁ ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ ስልሳ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው፤ ለሊቀመንበር ቀርቶ ለሚኒስትርም አይመለሱም።

"እማማ፣ እኔ እኮ መግለጫውን ላንብ ብዬ ነው።"

"ተላጭቶ ማንበብ አይቻልም? እነዚህ ስድስቱ እንቁላል መስለው ተቀምጠዋል። አንተ ያንን ፀጉር ለማን ነው የምታስቀምጠው? ለኩባንያው?"

ሰው ሳቀ። ከኋላ ግን አንድ ወፍራም ድምፅ ማንም ያልሳቀበት ነገር ተናገረ።

"በልቷላ! እንደ አባቱ!"

 ጄፒል ወረቀቱን አጠፈው። ከአርባ ዓመት በፊት "ለጊዜው ነው" የሚለው ውል ላይ የመንደሩን ማኅተም የመታው አባቱ ነበር። እስኪሞት ድረስ በልቷል ሲሉት ኖሩ። ሰውየው አንዲት ሳንቲም አልነካም፤ ጥፋቱ የተማሩ ሰዎች ሲነግሩት ማመኑ ነው። ይህን ግን ማን ይስማው? ጄፒልም ለምክር ቤት የተወዳደረው፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህችን አንዲት ቃል ከአባቱ መቃብር ላይ ሊያነሳ ነው። አሁን ሊቀመንበሩ ለፀጉሩ ሳስቶ አልላጭም ቢል ቃሏ እዚያው ለዘላለም ትቀራለች።

ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ምዮንግጃ ጨርቁን አንገቱ ላይ እያሰረች ጆሮው ሥር አጎነበሰች።

"ጋሼ፣ ራሴን አዞረኝ ይበሉ። እኔ እመሰክራለሁ።"

"ተይው ምዮንግጃ።"

"ቶንዶሱ ተበላሸ ልበላቸው?"

ጄፒል በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቁ አመለጠው። ከጨርቁ ሥር እጁን አወጣና ከግንባሩ ላይ ማጣበቂያውን ላጥ፣ ላጥ አድርጎ ዊጉን በአንድ ጊዜ ገሸለጠው። ከዚያም ሰው ሁሉ እንዲያይ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

 ከሴኡል የመጣ አንድ ጋዜጠኛ ካሜራውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቀጥሎ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ አደባባዩ በሙሉ። አስራ ሰባት ዓመት የፈራው ሳቅ ይኸው መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ እንደፈራው አልነበረም። ጄፒል ማይክራፎኑን አቀብሉኝ አለ።

"ሳቁ፣ ሳቁ! የሚላጭ ብዙ የለኝም፤ ምዮንግጃ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለችኝን ይቺን ላጪኝ። አስራ ሰባት ዓመት ዋሽቻችኋለሁ። ዛሬ ግን የእኔን ውሸት በገዛ እጄ አውልቄያለሁ! እነሱም የእነሱን ያውልቁ! 'ለጊዜው ነው' የሚሏትን! አባቴ አልበላም፤ አባቴ ተታለለ። እኔ ግን አልታለልም!"

ጭብጨባው የወረዳውን መሥሪያ ቤት መስኮት አነቃነቀ። ስድስቱ መላጦች ብድግ አሉ። ለምዮንግጃ ሁለት ደቂቃ በቃት፤ እያለቀሰች ነው የላጨችው። ጄፒል በሕይወቱ እንዲህ ኮርቶ አያውቅም፤ ሲመረጥም እንኳ።

ቀና ሲል እማማ ቱክሱን ፊቱ ቆመዋል።

"ተነስ" አሉት።

ተነሳ። አሮጊቷ በእሱ ቦታ ተቀመጡ።

"እማማ፣ እርስዎ እኮ የምክር ቤት አባል አይደሉም" አለች ምዮንግጃ።

"ባሕሩ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ ወይስ ምክር ቤቱ? ላጪኝ ብያለሁ!"

ሻሻቸውን ፈቱ። ነጭ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወረደ። ከዚያ ጄፒልን ሳያዩ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"አባትህን በልቷል ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ።"

 ጄፒል ዝቅ ብሎ ሻሹን በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ቶንዶሱ እንደገና ሲነሳ ጎናቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። ፀሐዩ አናቱን ይፋጀው ነበር፤ እሱ ግን አልሸፈነውም።