የቅባቱ እድፍ

ጠጋኙ ጥጡን ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ እድፉ ላይ ሊያሳርፈው አንድ ጣት ያህል ሲቀረው በሩ ተንኳኳ። በልቡ «አቤት ጌታዬ» አለና እጁን ሰበሰበ። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀደደ ወረቀት ሲጠግን ራሱን ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ እጅ በመሀል ከተቋረጠ፣ ሳይናደዱ መጠበቅ።

የመዝገብ ቤቱ ሰዎች «ጋሼ ሙጫ» ይሉታል። ፊቱ የተኛው ገጽ በእርሳስ የተጻፈ ግጥም ነው። የተገኘው አንድ የፖለቲካ እስረኛ ለጓዶቹ ከጻፋቸው አራት ደብዳቤዎች ጋር፣ በአንድ ሳጥን ነው። ደብዳቤዎቹ ቀንና ፊርማ አላቸው፤ ግጥሙ ሁለቱም የለውም፤ እርሳሱ ስለደበዘዘም የእጅ ጽሑፉ ከደብዳቤዎቹ ጋር አይመሳከርም። ዛሬ ይጸዳል፣ ነገ ጠዋት ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ «ደራሲው ያልታወቀ» ተብሎ ዝርዝር ውስጥ ይታተማል።

ኃላፊዋ ገባች። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት፣ ግድግዳውን እየተደገፉ።

«ጋሼ ሙጫ፣ እኚህ እናት ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። የደብዳቤዎቹ ጸሐፊ ወንድማቸው ነው፤ ግጥሙም የእሱ ነው ይላሉ።»

«ማለት ብቻ አይደለም፣ ነውም» አሉ አሮጊቷ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «ደህና ነህ ልጄ? ማነው ግን ወረቀትን ሰማይ ቤት ያስቀመጠው? ጉልበቴ ደረጃችሁን ሲረግም ነው የወጣው።»

«ውሃ እንዳይደርስበት ብለን ነው እማማ።»

«እኔም ውሃ ሳይደርሰኝ ወጣሁላችሁ።»

ጠጋኙ ሳቀ። ግጥሙን በነጭ ወረቀት ሸፈነና፣ ከጠረጴዛው ራቅ አድርጎ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጣቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው አሉት፦

«በሩን ቢዘጉትም ንጋት አይጨነቅም፣
በመስኮት ሲገባ ፈቃድ አይጠይቅም።»

«ልክ ነው» አለች ኃላፊዋ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ድምፅዋም ለስላሳ ነበር። «ግን እማማ፣ ይህንን ስንኝ ያኔ ከተማው ሁሉ በቃሉ ይለው ነበር። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ የአባቴ ነው ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ? ማስረጃ ያስፈልገኛል።»

«ፊደል አልቆጠርኩ፣ ጽሑፉን ልየው አልልሽ። አሁንማ እኔም ሄጄ ላገኘው ነው። ‹ስሜን የት ጣልሽው?› ሲለኝ ምን ልበለው? ወረቀቱን ከእስር ቤቱ ያወጣሁት እኮ እኔ ነኝ፣ በዘጠኝ ዓመቴ!»

ጠጋኙ ወንበሩን ወደ አሮጊቷ አዞረ። «በምን አወጡት እማማ?» አለ።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ ይህንን የጠየቃቸው አልነበረም።

«በጉንጉኔ ነዋ!» አሉ። «ልጅ ናት ብለው እኔን ብቻ ያስገቡኝ ነበር። ወንድሜ እግሩ ሥር ያስቀምጠኝና ጉንጉኔን ይፈታል፣ መልሶ ይጎነጉናል። ዘበኞቹ ይስቁበታል። ‹መንግሥት እገለብጣለሁ ያለው ሰውዬ ፀጉር ሠሪ ሆኖ አረፈው!› ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ወረቀቱ ጉንጉኑ ውስጥ ነው እኮ! ቤት ስደርስ እናቴ ትፈታዋለች። እሷ ደግሞ ፀጉሬ እንዲለሰልስ ብላ በቅባት አርሳው ነበር የምትልከኝ።»

የጠጋኙ ዓይን ጥጡ ላይ ሄዶ ቀረ። እድፉን «የመብራት ዘይት ሳይሆን አይቀርም» ብሎ በገጹ ካርድ ላይ የመዘገበው እሱ ራሱ ነው። ለካ የፀጉር ቅባት ኖሯል።

ከመሳቢያው ባዶ ወረቀት አወጣ። «እስቲ እንደሱ አድርገው አጥፈው ያሳዩኝ እማማ።»

አሮጊቷ ወረቀቱን በቁመቱ ለሁለት አጠፉት። ደገሙት። ሠለሱት። ጣት የምታህል ቀጭን ነገር ሆነ። ያ ብቻ አይደለም፤ የጫፉን ሁለት ማዕዘኖች ወደ ውስጥ ቀለበሱና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አሉባቸው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ኃላፊዋ።

«መጀመሪያ ቀን ጫፉ ማጅራቴን ሲወጋኝ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያደርግልኝ ጀመር።»

ጠጋኙ ሽፋኑን አነሣ። ግጥሙ ላይ በቁመቱ ሰባት መስመር አለ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘን እጥፋት። «በአያያዝ ጉድለት የተጎዳ» ብሎ ካርዱ ላይ የጻፈው ይህንኑ ነበር። የአሮጊቷን ወረቀት ዘርግቶ አጠገቡ አስተኛው። መንትያ ናቸው።

ኃላፊዋ ሳጥኑን ከፍታ ደብዳቤዎቹን በየቀናቸው ደረደረች። ሁለተኛውና ሦስተኛው እንደ ግጥሙ ናቸው፤ መስመሩም፣ ቅባቱም፣ የተቀለበሰው ጫፍም። አራተኛው ነጭ ነው፤ ለጥ ብሏል።

«እሱን ባለፈው ወር እኔ አጠብኩት» አለ ጠጋኙ ቀስ ብሎ። «ተመስግኜበታለሁም። አሁን የሚናገረው የለውም።»

እሷ ግን አልሰማችውም። ከሁሉ የሚቀድመውን ደብዳቤ ብርሃን ላይ ይዛ ነበር። ሰባቱ መስመር አለ፤ ማዕዘኖቹ ግን ቀጥ እንዳሉ ናቸው።

«የመጀመሪያው አልተቀለበሰም» አለች።

«አለቀስኩ አላልኩሽም?» አሉ አሮጊቷ።

ኃላፊዋ ደብዳቤውን ወደ ቦታው መለሰች። «ጋሼ ሙጫ፣ እርሳስህን አንሳ።»

ጠጋኙ በካርዱ ላይ «ያልታወቀ» የሚለውን አጥፍቶ ደብዳቤዎቹ ላይ የተፈረመውን ስም ጻፈ። ከሥሩም «እድፉ አይነካ፣ እጥፋቱ አይተኮስ» ብሎ ጻፈና ጥጡን ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ከንፈሩ ተመስገን ሲል ማንም አልሰማውም። ስሙን በቁራጭ ወረቀት ገልብጦ ለአሮጊቷ ሰጣቸው።

አሮጊቷ ፊደሎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ሳያስቡት በቁመቱ አጠፉት፣ ደገሙት፣ ሠለሱት፤ ማዕዘኖቹንም ቀለበሱ። እጃቸው በራሱ ጊዜ ወደ ማጅራታቸው ሄደ። እዚያ ያገኘው አጭር ነጭ ፀጉር ብቻ ነበር፤ አሮጊቷ እጃቸውን ሳያወርዱ ሳቁ።