የትሏ ወንፊት

ዶክተሯ ዕድሜዋን የጨረሰችው፣ ጥብጣብ ትል የሰውነቷን ቆሻሻ የምታጣራበትን ቱቦ ስትመረምር ነው። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ግን በማይክሮስኮፕ የሚያይላት እንደ ልጇ የምትቆጥረው ተማሪዋ ናሁሰናይ ነበር።

«ከቱቦው ጫፍ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነገር አይታይህም?» ትለዋለች።

«ኧረ ምንም የለም ዶክተር።»

ቃሉን አምና ምርምሯን ተወችው።

ዛሬ አዳራሹ ለእሱ ያጨበጭባል፤ እሷንም የክብር እንግዳ አድርጎ ከፊት አስቀምጧታል።

«የቱቦው ጫፍ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው» አለ ከመድረኩ።

«መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?» ሲል አንዱ ጠየቀው።

«ድሮ፣ ለዶክተር በማይክሮስኮፕ ሳይላቸው» አለ፣ ጭብጨባው አስክሮት።

ሲያበቃ ወርዶ ከአዳራሹ ሊያስወጣት ክንዷን ያዘ።

«ቀስ ይበሉ ዶክተር፣ ደረጃ አለ።»

ሌላ ጊዜ ቃሉ ይበቃት ነበር። ቆመች፤ እግሯን ሰድዳ ደረጃውን ራሷ ዳበሰች።