የአዘዞ መስመር ፎቶ አንሺ

ጣሊያን ጥሏቸው ከሄደ አውቶቡሶች በጎንደርና በአዘዞ መስመር ላይ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ተራ በተራ ቆመው፣ ብረታቸው ተቆራርጦ ማረሻና ማጭድ ሆኗል።

የአንደኛዋ ባለቤትም ሾፌርም አያ ዳኛው ናቸው። አውቶቡሷ ዳገት ላይ ታስላለች፣ ክረምት ሲገባ ትለግማለች። ቢሆንም የቤቱ እንጀራ ከእሷ ነው።

አለነ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ አለ። ደመወዙን ፊልም ይገዛበታል። ጧት ጧት ካሜራውን አንግቶ ፒያሳ ይቆምና አውቶቡሷን ፎቶ ያነሳል። ማታ ስትመለስም ያነሳታል።

ሌላው ሰው ልጁን እብድ ነው ብሎ ትቶታል። አያ ዳኛው ግን ብልጥ ነው ብለዋል። ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አዘዞ የምታስተምረው ልጃቸው ወለላ ትቀመጣለችና።

"ለማኪና ብሎ ብርድ ላይ የሚገተር ጎረምሳ የለም" አሉ ለሚስታቸው ለእናኑ።

ሐሜቱም ተጀመረ። ተሳፋሪው አለነን ባየ ቁጥር ዞሮ ወለላን ያያል። አባት በገኑ። ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት፣ ስሟ ከጠፋ ማን ያገባታል?

አንድ ጧት አለነ ወለላን ጠጋ ብሎ አናገራት። ማታ እናት ምን እንዳላት ጠየቀች።

"አባባ ዳገቱ ላይ ስንተኛ ማርሽ እንደሚያስገባ ጠየቀኝ።"

"አፍሮ ነው" አለች እናኑ።

ሰንበት ብሎ ፎቶ አመጣላቸው። አውቶቡሷ ከጎማ እስከ ጣራ ጥርት ብላ ወጥታለች። በመስኮቱ የወለላ ክርን ይታያል።

"መልኳን ለራሱ አስቀርቶ ነው" አለች እናኑ፤ ፎቶውንም ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

በመጨረሻ አያ ዳኛው ትዕግሥታቸው አለቀ። ሞተሩን ሳያጠፉ ወርደው አለነን ክንዱን ያዙት።

"ምነው ልጄ፣ እስከ መቼ በሩቁ ትመኛለህ? የቁም ነገር ሰው ከሆንህ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክ።"

አለነ ደነገጠ። "በሽማግሌ ከሆነ ይሰጡኛል?"

"ሽማግሌ አሳፍሬ አላውቅም።"

የልጁ ዓይን እንባ አቀረረ። አያ ዳኛው ያን ጊዜ ወደዱት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉም መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ደጅ ላይ ቆሙ። ወለላ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ጓዳ ከእናቷ ጋር ታዳምጣለች።

በወጉ ደግሞ አባት "ዘመድ ላማክር" ብሎ አንድ ሁለቴ ይመልሳቸዋል። አያ ዳኛው ግን ልጁ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈሩ።

"ልጃችን አለነ ከአንተ ዘንድ..." ብለው ጀመሩ መምሬ ወልደኢየሱስ።

"አውቃለሁ፣ መምሬ። ደህና አድርጎ ይይዛታል ወይ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።"

"ዝናብ አያስነካትም። ዳሱን ከወዲሁ ጥሎላታል።"

"እንግዲያው ሰጥቻለሁ። በእናንተ ፊት ቃሌ ነው፤ እግዜር ይስማኝ።"

ጓዳ ውስጥ እልል ተባለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ ይህን ያህል ይቀላል ብለው አልመጡም ነበር። መምሬ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

"በል እንግዲህ ቁልፏን አምጣና እንመርቃት።"