ፊሽካ ሳይነፋ

የማሙሽ የሰሌን ባርኔጣ መታጠቢያ ገንዳው ላይ ብቻውን ተንሳፍፎ ነበር። እናቱ ክው አለች። ለቅዳሜና እሁዱ የባሕር ዳርቻ ጨዋታ ብላ ገንዳውን ጢም አድርጋ የሞላችው ራሷ ነበረች። አናናስ ልትቆርጥ ማድቤት የገባችው ደግሞ ለአፍታ ነበር።

«ማሙሽዬ! ሚሚ!» ከሁለቱም ልጆቿ ድምፅ ጠፋ። ክንዷን እስከ ብብቷ ነክራ የገንዳውን ወለል ዳበሰች። እጇ ለስላሳ ነገር ጨበጠ፤ ስታወጣው የላስቲክ ዓሣ ነበር። እየጮኸች ወደ ሳሎን ሮጠች።

ባሕር ነው ብላ ካነጠፈችው ሰማያዊ አንሶላ ሥር የማሙሽ ድምፅ ታፍኖ ወጣ። «እማዬ፣ ፊሽካ ሳልነፋ ከባሕር የወጣ ወዮለት ብለሽን የለ? ሙቀት ገደለን፣ ንፊልን እንጂ!»

ፊሽካው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ወደ አፏ ወሰደችው፤ የምትነፋበት ትንፋሽ ግን አጣች።